ሁለት ፍሪሲዮን፣ ሁለት ፔዳል፦ ዲሲቲ መኪና በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ እንዴት ይነዳል?

መኪናውን በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ እየወጣሁ ነበር። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ የሥራ መውጫ። መኪናው ሁሉ አንድ ሜትር ይሄዳል፣ ይቆማል። ዳገቱ መሀል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፊቴ አሮጌ ሚኒባስ አለ። «ይሄ ሰው ፍሪሲዮኑን ጨረሰው» ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ። ሽታው ባሰ። የኔው ነበር።

ከዚያ በፊት ለዓመታት የነዳሁት ቪትዝ ነው። ቪትዝን ዳገት ላይ ፍሬን ለቅቄ፣ ነዳጁን ነካ ነካ እያደረግሁ አቆመው ነበር። ቅር ብሎት አያውቅም። አዲሱንም እንደዚያው ያዝኩት። ምን ላድርግ፣ ሁለቱም አውቶማቲክ ናቸው፤ ሁለቱም ያላቸው ሁለት ፔዳል ነው። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ፣ በተለምዶ ዲሲቲ የሚባለው፣ በውስጡ ማኑዋል ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ነው። ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያያይዘውንና የሚለየውን ክፍል፣ የሚረግጠው ኮምፒውተር ነው እንጂ ፍሪሲዮኑ የትም አልሄደም። እናንተ ደግሞ ለኮምፒውተሩ የምትነግሩት በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በፍሬንና በነዳጅ። ግማሽ ፍሬን፣ ግማሽ ነዳጅ ከሰጣችሁት እሱም ግማሽ ፍሪሲዮን ይይዛል። ግማሽ ፍሪሲዮን ማለት ደግሞ መንሸራተት፣ መንሸራተትም ሙቀት ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ

«አውቶማቲክ» በሚለው ስም ስር ቢያንስ አራት ዓይነት ካምቢዮ አለ። አንደኛው ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት ግፊት የሚያገናኘው የድሮው አውቶማቲክ ነው። ሁለተኛው ማርሽ የማይቀይር የሚመስለው ሲቪቲ ነው። ሦስተኛው አንድ ፍሪሲዮን ያለው፣ ኮምፒውተር የሚቀይረው ነው፤ የሱዙኪው ኤጂኤስ ከዚህ ይመደባል። አራተኛው የኛው ዲሲቲ ነው።

ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። ፎልክስዋገንና ስኮዳ ዲኤስጂ ይሉታል፤ አውዲ ኤስ-ትሮኒክ፤ ፖርሽ ፒዲኬ። ሀዩንዳይ፣ ኪያና ብዙዎቹ የቻይና አምራቾች በቀጥታ ዲሲቲ ይሉታል። ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ክፈቱ። ሻጩን መጠየቅም ይቻላል፤ ግን እኔን የሸጠልኝ ሰው «ያው አውቶማቲክ ነው» ነው ያለኝ።

ቀጥሎ፣ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው ወይስ ዘይት ውስጥ የሚሠራ? ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ዘይት ውስጥ የሚሠራውን ሙቀቱን ዘይቱ ይወስድለታል። ደረቁን የሚያበርደው አየር ብቻ ነው፤ በተጨናነቀ መንገድ ቶሎ የሚግለውም እሱ ነው። የፎልክስዋገን የመጀመሪያው ባለ ስድስት ማርሽ ዲኤስጂ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ጎልፍ አር32 ላይ የወጣው፣ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ለትንንሽ ሞተሮች የወጣው ባለ ሰባት ማርሽ ግን ደረቅ ነው። ባለ 1.6 ሊትር ቱርቦው የ2016 እ.ኤ.አ. ሀዩንዳይ ቱሳን ላይ ያለው ባለ ሰባት ማርሽም ደረቅ ነው። የማርሹን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ ሰባት ማርሽ ኖሮት ዘይት ውስጥ የሚሠራም አለ።

ውስጡ እንዴት ይሠራል?

አጭር ነው። አንዱ ፍሪሲዮን 1፣ 3፣ 5 እና 7ን ይይዛል። ሌላው 2፣ 4 እና 6ን። በአንደኛ ማርሽ ስትሄዱ ሁለተኛው ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ አንዱ ፍሪሲዮን ይለቃል፣ ሌላው ይይዛል። መኪናው ጉልበቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አዶልፍ ኬግሬስ የተባለ ፈረንሳዊ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ይዞት ነበር። ያኔ ያልነበረው ኮምፒውተሩ ነው።

አውራ ጎዳና ላይ ይህ ካምቢዮ ድንቅ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ ብትሄዱ እንደ ቅቤ ነው። ችግሩ ያለው ከቆመበት ሲነሳ ነው። መንጃ ፈቃድ ስንማር «ባላንስ» የምንለው ነገር፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቅቆ ከነዳጅ ጋር ማመጣጠን፣ ትዝ ይላችኋል? ዲሲቲ በተነሳ ቁጥር ባላንስ ይሠራል። በቀን መቶ ጊዜ ካስነሳችሁት፣ መቶ ጊዜ።

የኛ ከተማ አንድ ተጨማሪ ነገር አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ይህን ያካክሳል፤ ግን ቱርቦው ጉልበት የሚያገኘው ሞተሩ ትንሽ ከተሽከረከረ በኋላ ነው። ከቆመበት ሲነሳ ሞተሩ ደካማ ስለሆነ እናንተ ነዳጅ ትጨምራላችሁ፣ ፍሪሲዮኑም ረዘም ላለ ጊዜ ይንሸራተታል።

ማስነሳት

ሞተሩን አስነሱና ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ፍሬን ረግጣችሁ ከፒ ወደ ዲ አምጡት። ዲ መግባቱን ዳሽቦርዱ ላይ እዩ። አሁን ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ነዳጅ አትንኩ፤ አንድ ቅጽበት ብቻ። መኪናው ራሱ ቀስ ብሎ ይነሳል። ፍሪሲዮኑ ሲይዝ ወንበሩ ላይ ይሰማችኋል። ከዚያ ነዳጅ ስጡ፣ ሳትፈሩ፣ ግን ሳታስጮኹት።

የመጀመሪያው ቀን ይህች ቅጽበት ታናድዳለች። ከኋላ ያለው ጡሩንባ ይነፋል። ይንፋ።

ግራ እግራችሁን ፍሬን ላይ፣ ቀኙን ነዳጅ ላይ የማድረግ ልማድ ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉት። ሁለቱን አንድ ላይ ስትረግጡ አንዳንዱ መኪና ጉልበቱን ይቆርጣል፣ አንዳንዱ ፍሪሲዮኑን ያሰቃያል። ቀኝ እግር ብቻ።

በመጨናነቅ ውስጥ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። መገናኛ አካባቢ ማታ የነዳ ሰው የምለው ይገባዋል።

ከፊታችሁ ያለው መኪና አንድ ሜትር በሄደ ቁጥር አብራችሁ አትንፏቀቁ። ቁሙ። ሁለት መኪና የሚያህል ክፍተት ሲፈጠር ያኔ ሂዱ። ሂሳቡ ቀላል ነው። መቶ ሜትር ሰልፍን አንድ አንድ ሜትር ከሄዳችሁት መቶ ጊዜ ትነሳላችሁ። አስር ሜትር እየጠበቃችሁ ከሄዳችሁት አስር ጊዜ። የምትደርሱት ግን በተመሳሳይ ሰዓት ነው።

ስትሄዱ ደግሞ በደንብ ሂዱ። በአብዛኞቹ መኪኖች ፍጥነቱ በሰዓት 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ መንሸራተቱ ያቆማል። ከዚያ በታች፣ በሽማግሌ እርምጃ፣ ፍሬኑን እየነካካችሁ ስትጓዙ ነው የሚበላው። ስለዚህ ተነሱ፣ ፍሪሲዮኑ ይያዝ፣ ነዳጁን ልቀቁና በራሱ ይንከባለል፣ ከዚያ ቁሙ።

«ክፍተት ከተውኩማ ሚኒባሱ ይገባል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይገባል። ላዳም ባጃጅም ከነበረ ይገባል። እኔም መጀመሪያ እልህ ይዞኝ አፍንጫ ለአፍንጫ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ቆጠርኩ፤ ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ አራት መኪና ገባብኝ። አራት መኪና ማለት ሃያ ሜትር ነው። ለሃያ ሜትር ብዬ ፍሪሲዮን አልቀይርም።

ስትቆሙ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ። ላላ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ኮምፒውተሩ «ሊሄድ ነው» ብሎ ፍሪሲዮኑን ጫፍ ላይ ያቆየዋል፤ እናንተ በፍሬን ትይዙታላችሁ፣ እሱ ይገፋል። ጠበቅ ስታደርጉት ፍሪሲዮኑን ይለቅቀዋል፣ ያርፋል።

መብራት ላይ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ዲ ላይ ሆናችሁ ፍሬን መርገጥ ይበቃል። በየመብራቱ ኒውትራል ማድረግ አያስፈልግም። ትራፊክ ፖሊሱ መንገዱን ዘግቶ ደቂቃዎች የሚያስቆያችሁ ከሆነ ግን የእጅ ፍሬን ሳቡና ኒውትራል ወይም ፒ አድርጉ። እግራችሁም ያርፋል።

ሁለት ቁልፎች አሉ፣ ስለ እነሱም ልበል። አንዱ ቆማችሁ ፍሬን ስትለቁ መኪናውን ይዞ የሚያቆየው አውቶ ሆልድ ነው። መብራት ላይና ዳገት ላይ ወድጄዋለሁ። መኪና ቦታ ላይ ስታስገቡ ግን አጥፉት፤ በነዳጅ ገፍታችሁ ካላስለቀቃችሁት ስለማይለቅ እየነጠረ ይሄዳል። ሌላው ስትቆሙ ሞተሩን የሚያጠፋው ነው። በመጨናነቅ ውስጥ እኔ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ። ሞተር ማስነሳትና ፍሪሲዮን ማስያዝ ተደራርበው መነሻውን ያዘገዩታል።

አንድ የምወዳት ዘዴ አለች። ዲሲቲ ነዳጅ ለመቆጠብ ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት ይቸኩላል። በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለተኛ ያስገባል፣ ወዲያው ስትቀዘቅዙ ወደ አንደኛ ይመልሳል፣ ደግሞ ሁለተኛ። መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱም ፍሪሲዮኖች በከንቱ ይደክማሉ። እንዲህ ሲሆን ማርሹን ወደ ኤም፣ ማለትም ማርሹን ራሳችሁ ወደምትመርጡበት ቦታ፣ አድርጉና አንደኛ ላይ ያዙት። ሰልፉ ሲከፈት ወደ ዲ መልሱ። ብዙ ሰው ይህን የማርሽ ቦታ ለእሽቅድምድም የተሠራ ይመስለዋል፤ እኔ ከመጨናነቅ ሌላ ተጠቅሜበት አላውቅም።

ዳገት

አንድ ሕግ ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፦ መኪናውን ዳገት ላይ በነዳጅ አታቁሙት። በፍሬን አቁሙት። በነዳጅ የቆመ ዲሲቲ በግማሽ ፍሪሲዮን የተንጠለጠለ ማኑዋል ነው። የኔ ሽታ ከዚያ ነው የመጣው።

ለመነሳት፣ ፍሬኑን እንደረገጣችሁ መንገዱ እስኪከፈት ጠብቁ። አብዛኞቹ መኪኖች ፍሬን ስትለቁ ለሁለት ሰከንድ ያህል ራሳቸው ይይዛሉ። በዚያች ጊዜ ውስጥ እግራችሁን ወደ ነዳጅ አዙሩና በልበ ሙሉነት ርገጡ። ዳገት ላይ መፈራራት አይሠራም፤ ቀስ ብሎ የተሰጠ ነዳጅ ፍሪሲዮኑን የበለጠ ያንሸራትተዋል። መኪናችሁ ይህ ነገር ከሌለው እንደ ማኑዋል አድርጉ፦ የእጅ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ መኪናው ሲከብድ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ።

አሁን ማንም የማያነሳውን ላንሳ። የግቢ በር። ብዙዎቻችን ግቢያችን ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው፤ በሩ ጋ አጭር ግን ቀጥ ያለ መውጫ አለ። መኪናውን ወደ ኋላ አድርገን ነው የምናስገባው። ወደ ኋላ፣ ዳገት፣ መሪው ተጠምዞ፣ በሕፃን እርምጃ። ለደረቅ ፍሪሲዮን ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ስለዚህ መውጫው ላይ ተንጠልጥላችሁ በሩ እስኪከፈት አትጠብቁ። ታች ሜዳው ላይ ቁሙ። ጥበቃው ሁለቱንም በር ይክፈት፣ ልጆቹና ብስክሌቱ ዞር ይበሉ፣ መሪያችሁን አስተካክሉ። ከዚያ አር አስገብታችሁ በአንድ ትንፋሽ ግቡ። ከተሳሳታችሁ መሀል ላይ አትታገሉ፤ ወደ ታች ወርዳችሁ እንደገና ጀምሩ። በፊት ለፊት መግባት ከቻላችሁ ደግሞ የተሻለ። ከዲ ወደ አር ወይም ከአር ወደ ዲ ስትቀይሩ መኪናው ፍጹም መቆሙን እርግጠኛ ሁኑ።

ቁልቁለትና አደባባይ

ከእንጦጦ ስትወርዱ በኤም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ያዙ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝላችኋል፣ ፍሬናችሁም አይግልም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በኒውትራል መልቀቅ የድሮ ልማድ ነው። የዛሬ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጣሉ። በኒውትራል ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። አታተርፉም፤ አደጋውም ለብቻው ነው።

አደባባይ ላይ ተጠንቀቁ። ልትቆሙ ቀዝቀዝ ስትሉ ካምቢዮው «ሊቆም ነው» ብሎ ይዘጋጃል። ድንገት ክፍተት አይታችሁ ነዳጁን ብትጫኑ ሐሳቡን እስኪቀይር ትንሽ ይዘገያል። ያቺ ግማሽ ሰከንድ ከጎን ሲኖትራክ ሲመጣ ረጅም ናት። ጠባብ ክፍተት አትሻሙ። የምትገቡ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ማርሹን ወደ ኤስ (ስፖርት) አድርጉት፤ ዝቅ ያለ ማርሽ ይዞ ስለሚጠብቅ ቶሎ ይታዘዛል።

ሲግል

ሽታ፣ መንቀጥቀጥ፣ ወይም ዳሽቦርድ ላይ ጽሑፍ። የሀዩንዳይና የኪያ ዲሲቲ መኪኖች መጀመሪያ ዳገቱ ከባድ ስለሆነ ፍሬን እንድትረግጡ ይነግሯችኋል። ካልሰማችሁ የካምቢዮው ሙቀት ከፍ ብሏል፣ በሰላም ቁሙ ይላሉ። ከዚያም ስንት ደቂቃ ቆማችሁ መጠበቅ እንዳለባችሁ ይቆጥሩላችኋል። ይህን ጽሑፍ በአውራ ጣት ሸፍኖ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ። ቀልዴን አይደለም።

ጥግ ያዙ። ፒ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ። ሞተሩን አታጥፉት፤ የማቀዝቀዣው ሥራ እንዳይቋረጥ ነው። ጽሑፉ እስኪጠፋ ጠብቁ። በሰልፍ መሀል ስለሆናችሁ ጥግ መያዝ ካልቻላችሁ፣ ቢያንስ መንፏቀቁን አቁሙ፦ ቁሙ፣ ትልቅ ክፍተት ጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ ሂዱ። ሰፊ መንገድ ካገኛችሁ ሳትቆሙ መንዳቱ ራሱ ያበርደዋል።

አንድ ጊዜ ቢሸት ዓለም አልጠፋም። በየሳምንቱ ከሸተተ፣ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም የማርሹ ፊደል ብልጭ ድርግም ካለ ወደ መካኒክ ሂዱ። አንዳንዴ ደግሞ 2፣ 4 እና 6 ጠፍተው 1፣ 3 እና 5 ብቻ ሊቀሩ ይችላሉ። ከሁለቱ ወገን አንዱ ሥራ አቁሟል ማለት ነው። እየነዱ ቤት መድረስ ይቻል ይሆናል፤ ለሥራ ግን አትውጡበት።

መካኒክ ጋ ስትሄዱ

ዘይት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ዘይቱ የግድ ይቀየራል። ለባለ ስድስት ማርሹ ዲኤስጂ የሚባለው በየ60,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሌሎቹ መጽሐፉን እዩ። «የአውቶማቲክ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ልዩ ዘይት ነው የሚፈልገው።

ፍሪሲዮን ከተቀየረ በኋላ ኮምፒውተሩ አዲሱ የት ላይ እንደሚይዝ እንዲማር በመመርመሪያ መሣሪያ ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ አዲስ ፍሪሲዮንም ይንቀጠቀጣል። ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት መሣሪያው እንዳላቸው ጠይቁ። አንድ ጋራዥ ሳይጠየቅ ከፈታብኝ በኋላ ነው እኔ ይህን የተማርኩት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና መንከባከብ የግድ ሆኗል።

ባትሪ ቢሞት «ኑ ግፉልኝ» አይሠራም። ዲሲቲ ሞተሩ ካልተነሳ ፍሪሲዮኑን መያዝ አይችልም፤ ሰፈሩ በሙሉ ቢገፋም አይነሳም። በሌላ መኪና ባትሪ በኬብል አስነሱት። ከተበላሸም በገመድ ረጅም መንገድ አታስጎትቱት፤ ክሬን ጥሩና ጭናችሁ ውሰዱት።

አንድ ሰዓት ልምምድ

እሁድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ውጡ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ነዳጅ ሳትነኩ በፍሬን ብቻ አስር ጊዜ ተነሱና ቁሙ፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዝባትን ቅጽበት እግራችሁ ይልመዳት። ቀጥሎ ቀለል ያለ ዳገት ፈልጉና ፍሬን ስትለቁ መኪናው ስንት ሰከንድ እንደሚይዝላችሁ ቁጠሩ። የያንዳንዱ መኪና ይለያያል፣ የራሳችሁን እወቁ። በመጨረሻ ቤት ስትመለሱ በሩን አስከፍታችሁ፣ ከሜዳው ተነስታችሁ፣ ወደ ኋላ በአንድ ጊዜ ግቡ። እኔ በሦስተኛው ሙከራ ነው የገባሁት፤ አንዷን የአበባ ማሰሮ ግን አላተረፍኳትም።